የሻደይ ጠጉርና የፖም ሆምጣጤ

ለልጃገረዶቹ በዓል ለሻደይ ሁለት ቀን ሲቀረው የእህቴ ልጅ ከአዲስ አበባ ያመጣችውን ጠርሙስ ከሻንጣዋ አውጥታ እናቴ ፊት አስቀመጠችው። ሰቆጣ፣ እናቴ ግቢ ነን። እናቴ የተወቀጠ አደስ ከቅቤ ጋር እያሸች ነበር። እጇን በነጠላዋ ጫፍ ጠርጋ ክዳኑን ከፈተችና አሸተተችው።

«ይሄማ የኮመጠጠ ጠላ ነው» አለች።

«አይደለም እማማ፣ የፖም ነው። ኦርጋኒክ ነው። ለጠጉርም፣ ለስኳርም፣ ለውፍረትም ይሆናል ይላሉ።»

እናቴ ፊደል አልቆጠረችም፤ አፍንጫዋ ግን አልተሳሳተም። ጋኑ በደንብ ሳይከደን የቆየ ጠላ የሚኮመጥጥበትና የፖም ጭማቂ ሆምጣጤ የሚሆንበት መንገድ አንድ ነው። መጀመሪያ እርሾው ስኳሩን ወደ አልኮል ይለውጠዋል፤ ከዚያ አየር የሚወዱ ባክቴሪያዎች አልኮሉን ወደ አሴቲክ አሲድ ይለውጡታል። ሻጮቹ «እናቲቱ» እያሉ የሚያሞግሷት፣ በጠርሙሱ ውስጥ የምትንሳፈፈው ደመና የእነዚሁ ባክቴሪያዎች ክምችት ናት። ገበያ ላይ ያለው ሆምጣጤ አሲዱ አብዛኛውን ጊዜ 5 በመቶ ገደማ ነው። «ኦርጋኒክ» የሚለው ጽሑፍ ፖሙ እንዴት እንደበቀለ ይናገራል እንጂ አሲዱን አያለዝበውም፣ አዲስ ፈውስም አይጨምርለትም።

በጠጉር ላይ ግን የሚሠራው ነገር አለ፤ አልክድም። የጠጉር ዘንግ በላዩ እንደ ጎጆ ክዳን የተደራረቡ ስስ ቅርፊቶች አሉት። ደረቅ ሳሙና አልካሊ ስለሆነ ቅርፊቶቹን ያነሳቸዋል፤ ጠጉሩ ይሻክራል፣ ይያያዛል፣ ሲያበጥሩት ይበጠሳል። ውሃው ማዕድን የበዛበትና ሳሙና አላስነሳ የሚል ከሆነ ደግሞ ነጭ ዝቃጭ ጠጉሩ ላይ ይቀራል። ቀጠን ያለ አሲድ ዝቃጩን ያጥባል፣ ቅርፊቶቹንም ያስተኛል። ለዚህ ሁለት የሾርባ ማንኪያ በግማሽ ሊትር ውሃ ይበቃል፤ ከታጠቡ በኋላ አፍስሶ፣ ጥቂት ደቂቃ ቆይቶ በንጹሕ ውሃ ማለቅለቅ ነው። እንዳለ ማፍሰስ ግን የራስ ቆዳን ያቃጥላል። የቆሰለ ወይም የተላጠ ራስ ላይ ቀጥኖም ቢሆን አይነካም።

እኔ የምጠላው ይህ ጠርሙስ ከመታጠቢያው ወጥቶ ወደ አፍ ሲሄድ ነው። አዲስ አበባ ውስጥ በባዶ ሆድ ጠዋት ጠዋት የሚጠጡ ስንት ዘመዶች አሉኝ! ከእነሱ ግማሾቹ ጨጓራቸውን የሚያማቸው ናቸው። በ2004 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ የአሪዞና ስቴት ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ከምግብ በፊት የተወሰደ ሆምጣጤ ከዳቦና ከጭማቂ በኋላ የሚመጣውን የደም ስኳር እንደሚቀንስ ጽፈዋል። ነገሩ እውነት ነው፤ ግን ትንሽ ነው፣ መድኃኒት አይተካም። ኢንሱሊን የሚወስድ ሰው ሐኪሙን ሳያማክር ሲጨምርበት ስኳሩ ከልክ በላይ ሊወርድበት ይችላል። የውፍረቱ ወሬ ደግሞ ከዚህም ይብሳል። በ2024 እ.ኤ.አ. ሊባኖስ ውስጥ በ120 ወጣቶች ላይ ተሠርቶ ዓለምን ያዳረሰው ጥናት የቁጥሮቹ ስሌት አጠራጣሪ ሆኖ ስለተገኘ በ2025 አሳታሚው ራሱ ሰርዞታል። ጥናቱ ሲወጣ የሰማው ብዙ ነው፤ ሲሰረዝ የሰማ ግን ጥቂት ነው። የጥርስ ነገርም አለ፤ አሲድ በየቀኑ የነካው ጥርስ ልባሱ ይሳሳል፣ አንዴ የሳሳ ልባስ ደግሞ ተመልሶ አይበቅልም።

ጠርሙሱ በግቢው ወሬ ሆኖ ብዙም ሳይቆይ ጎረቤታችን ልጇን ይዛ መጣች። አምስት ዓመት ያልሞላት ልጅ ናት፤ ከሻሿ ሥር ጠጉሩ በክብ በክብ ረግፎ ነጭ ቅርፊት ይዟል። ቆረቆር ነው። «እትዬ፣ ከዚያ መድኃኒት ትንሽ ጠብ አድርጊላት፣ ለሻደይ ከእኩዮቿ እንዳታንስብኝ» አለችኝ። ያን ጊዜ ደነገጥኩ። ቆረቆር ፈንገስ ነው፤ የሚኖረውም የጠጉሩ ሥር ውስጥ ገብቶ ስለሆነ ከላይ የሚፈስ ነገር አይደርስበትም። ሆምጣጤው የተላጠውን ቆዳ አቃጥሎ ልጅቱን ከማስለቀስ በቀር ምንም አያደርግላትም። የሚያድናት ለሳምንታት የሚዋጥ ኪኒን ነው፤ ግሪሶፉልቪን ይባላል። ማበጠሪያውና ምላጩም ከእህቶቿ መለየት አለበት።

በማግስቱ አብረን ጤና ጣቢያ ሄድን። ባለሙያዋ ኪኒኑን ሰጥታ «ቅባት ካለው ምግብ ጋር ስጧት፣ ያኔ ሰውነቷ በደንብ ይቀበለዋል» አለች። ቀጥላም የልጅቱን ክንድ በመለኪያ ጥብጣብ ለካች፤ ቀሪውን ጠጉርም በጣቶቿ ዳበሰች። ይህን ያደረገችው ያለ ምክንያት አይደለም። ፕሮቲን ያጣ ሕፃን ጠጉሩ ይሳሳል፣ ይቀላል፣ ሲነኩት ይነቀላል። ድርቅ በሚመላለስበት በዋግ ምድር የልጅ ጠጉር የቤቱን ጎተራ ይናገራል። መንግሥት ከሁለት ዓመት በታች ያሉ ሕፃናትን መቀንጨር በ2030 እ.ኤ.አ. ለማስቀረት በ2007 ዓ.ም. የገባው ቃል በዚህች ከተማ ስም «የሰቆጣ ቃል ኪዳን» መባሉን አስቤ ልቤ ተነካ። በዚያ ጠርሙስ ዋጋ ለዚህች ልጅ የስንት ቀን እንቁላል ይገዛ ነበር! ሰቆጣ ላይ ቆሞ ስለ ጠጉር ማማር የሚያወራ ሰው ይህን ሒሳብ መዝለል የለበትም፤ እኔም አልዘለልኩም።

የእህቴን ልጅ ግን አልከለከልኳትም። ጠጉሯን ታጥባ፣ ሁለት ማንኪያውን በውሃ አቅጥና አለቀለቀችው። አንድ ጄሪካን ውሃ በሚቆጠርበት ቤት የማለቅለቂያው ውሃ ራሱ ወጪ ነውና በትንሽ ጣሳ እየቀዳን ነበር። ሲደርቅ እናቴ ቅቤና አደሱን ከሥር እስከ ጫፍ አሽታ ሹሩባ ሠራቻት። ነሐሴ 16 የሻደዩን ቅጠል ወገቧ ላይ አስራ ወጣች፤ ከበሮው ከሩቅ ይሰማ ነበር።

ከቅቤው ትንሽ ተርፎ ነበር። እናቴ አደስ ካልገባበት ወገን በጣቷ ቆርሳ ለጎረቤቷ ሰጠቻት። «ይሄ ለራሷ አይደለም» አለቻት፤ «ገንፎዋ ላይ አድርጊላት፣ ኪኒኗን ከእሱ ጋር ትዋጥ።» ልጅቱም ሻሿን እንዳሰረች ከትልልቆቹ ኋላ ቅጠሏን እያወዛወዘች ወጣች።

ኅዳር ላይ ስደውል የመጀመሪያ ጥያቄዬ ስለ እሷ ነበር። ኪኒኑን እንደጨረሰች፣ በረገፈው ቦታ ላይ ጥቁር ለስላሳ ጠጉር ብቅ ብቅ እንዳለ እናቴ ነገረችኝ።

«ለከርሞ ሻደይ ጋሜ ይደርስላታል» አለችኝ።