ከመብረር በፊት ጥያቄው ይቅደም፦ የአየር ላይ ኤሌክትሮማግኔቲክ ቅኝትና የሀዲያና ከምባታ ምድር

የኢትዮጵያ የማዕድን ሀብት በተነሣ ቁጥር ውይይቱ ከዓለቱ ይልቅ በመሣሪያው ላይ ሲያተኩር ይስተዋላል። በሄሊኮፕተር ተንጠልጥሎ እየበረረ ከምድር በታች የተቀበረውን መዳብና ወርቅ «ያያል» የሚባልለት የአየር ላይ ኤሌክትሮማግኔቲክ ቅኝት ከእነዚህ መሣሪያዎች አንዱ ነው። ዘዴው በእርግጥ ኃይለኛ ነው፤ በተገቢው ቦታ ሲውል ዓመታት ይፈጅ የነበረውን የእግር ፍለጋ ወደ ሳምንታት ያሳጥራል። ሆኖም ዋጋው የሚመዘነው በተበረረው ኪሎ ሜትር ብዛት ሳይሆን በቀረበለት ጥያቄ ትክክለኛነትና ከበረራው በኋላ መረጃው በሚያገኘው አያያዝ ነው።

የዚህ ጽሑፍ አቋም ሁለት ነው። አንደኛ፣ በሆሳዕና፣ በዱራሜና በሾኔ ዙሪያ ባለው ምድር ይህ ዘዴ ሊውል የሚገባው ለመዳብና ወርቅ ሳይሆን ለከርሰ ምድር ውሃ ነው። ሁለተኛ፣ በየትኛውም የአገሪቱ ክፍል ለማዕድን ፍለጋ የተሰበሰበ የአየር ላይ መረጃ ከተወሰነ ጊዜ በኋላ ለሕዝብና ለዩኒቨርሲቲዎች ክፍት መሆን አለበት።

መሣሪያው የሚያየውና የማያየው

የዘዴው አሠራር ተማሪ ሁሉ በፊዚክስ ትምህርት የሚያውቀውን የፋራዳይን ሕግ የተከተለ ነው። ከሄሊኮፕተሩ በታች በገመድ በተንጠለጠለ ሰፊ የሽቦ ቀለበት ውስጥ ኃይለኛ የኤሌክትሪክ ፍሰት ይለቀቃል። ፍሰቱ በድንገት ሲቋረጥ በዙሪያው የነበረው መግነጢሳዊ መስክ ይለወጣል፤ ለውጡም ከምድር በታች ባሉ ኤሌክትሪክ አስተላላፊ አካላት ውስጥ ጥምዝ ፍሰቶችን ይቀሰቅሳል። እነዚህ ፍሰቶች በተራቸው ደካማ መግነጢሳዊ መስክ ይፈጥራሉ፤ መቀበያውም የዚህን መስክ አከሳሰም ከሰከንድ እጅግ ባነሱ ክፍልፋዮች እየለካ ይመዘግባል። ደካማ አስተላላፊ በሆነ ዓለት ውስጥ መስኩ ወዲያው ይከስማል፤ በጥሩ አስተላላፊ ውስጥ ግን ይዘገያል። ማዕድን ፈላጊው የሚጠብቀው ምልክት ይህ መዘግየት ነው።

ከዚህ እንደሚታየው መሣሪያው የሚለካው መዳብን አይደለም፤ ወርቅንም አይደለም። የሚለካው አስተላላፊነትን ብቻ ነው። ወርቅ ሊመረት በሚችል ክምችት ውስጥ እንኳ በአንድ ቶን ዓለት የሚገኘው በጥቂት ግራም ስለሆነ ከአየር ላይ የሚሰጠው የራሱ ምልክት የለም። ካልኮፓይራይትና ፒሮታይት የመሳሰሉ የሰልፋይድ ማዕድናት ግን ተያይዘውና ጥቅጥቅ ብለው ሲከማቹ ከዙሪያቸው ካለው ዓለት በብዙ እጥፍ የተሻለ አስተላላፊ ይሆናሉ። ወርቁ ከእነርሱ ጋር አብሮ የሚገኝ ከሆነ የሚታወቀው በእነርሱ በኩል ነው።

አስተላላፊ የሆነው ሁሉ ደግሞ ሰልፋይድ አይደለም። ግራፋይት ያለበት ዓለት፣ ጨዋማ ውሃ፣ ሸክላማ አፈር፣ የመብራት መስመርና ረጅም የብረት ቧንቧ ሁሉም ምልክት ይሰጣሉ። በተቃራኒው ከዓለም መዳብ አብዛኛውን በሚሰጡት የፖርፊሪ ክምችቶች ውስጥ ሰልፋይዱ በዓለቱ ውስጥ ተበታትኖ፣ ቅንጣቱ ከቅንጣቱ ሳይነካካ ስለሚገኝ፣ ክምችቱ ሰፊ ሆኖ ሳለ የኤሌክትሮማግኔቲክ ምልክቱ ደካማ ሊሆን ይችላል። እንዲህ ላለው ክምችት ኢንዱስድ ፖላራይዜሽን የተባለው የመሬት ላይ ዘዴ የተሻለ ምስክር ነው። ስለዚህ «ምልክት ተገኘ» ማለት «ማዕድን ተገኘ» ማለት አይደለም፤ «ምልክት አልተገኘም» ማለትም «ማዕድን የለም» ማለት አይደለም።

ዘዴው የተሳካበት ምድር

ዘዴው ስሙን ያተረፈው በካናዳ ነው። በኦንታሪዮ ግዛት፣ በቲሚንስ ከተማ አቅራቢያ የሚገኘው የኪድ ክሪክ የመዳብና ዚንክ ክምችት ምልክቱ ከአየር ላይ የተመዘገበው እ.ኤ.አ. በ1959 ነበር፤ ክምችቱን ያረጋገጠው ቁፋሮ የተካሄደው ግን በኅዳር ወር 1963 ነው። በበረራውና በቁፋሮው መካከል አራት ዓመት ማለፉ አንድ ትምህርት ይሰጣል፤ በረራው የፍለጋው መጀመሪያ እንጂ መደምደሚያ አይደለም።

በአፍሪካ ቀንድ ይህን ዓይነት ክምችት የያዘው የዓረቢያ-ኑቢያ ጋሻ የሚባለው እጅግ ጥንታዊ የዓለት ክፍል ነው። በምዕራብ ኤርትራ የሚገኘው የቢሻ ማዕድን ለዚህ ግሩም ማሳያ ነው። በጥንት ባሕር ወለል ላይ ከእሳተ ገሞራ ጋር የተፈጠረው ይህ የሰልፋይድ ክምችት ከላይ በአየርና በውሃ ተበልቶ ወርቅ የበዛበት ዝገት መሰል ሽፋን ሠርቷል፤ ከሥሩ መዳብ የበለጸገበት ንብርብር፣ ከዚያም በታች ዚንክና መዳብ የያዘው ያልተነካ ሰልፋይድ ይገኛል። ምርቱም ይህንኑ ቅደም ተከተል ተከትሎ እ.ኤ.አ. በ2011 በወርቅ ተጀመረ፤ ወደ መዳብ የተሸጋገረው በ2013 ነው። የዚሁ ጋሻ አካል በሆነው በሰሜን ምዕራብ ትግራይ፣ በሽሬ አካባቢ ባለው የቴራኪምቲ ክምችት፣ ፍለጋ ያካሄዱ ኩባንያዎች የሄሊኮፕተር ኤሌክትሮማግኔቲክ ቅኝትን ከአፈርና ከዓለት ናሙና እንዲሁም ከቁፋሮ ጋር አጣምረው ተጠቅመውበታል።

በእነዚህ ቦታዎች ዘዴው የተሳካው ሦስት ነገሮች ስለተገጣጠሙ ነው። ዓለቱ ለክምችቱ ዓይነት ተስማሚ ነበር፤ ጥንታዊው ዓለት በገጸ ምድር ላይ ወይም ከሥሩ ብዙም ሳይርቅ ይገኝ ነበር፤ የአየር ላዩ ምልክትም ከመሬት ላይ ማስረጃ ጋር ተመሳክሯል። ከሦስቱ አንዱ ሲጎድል የበረራው ወጪ በአብዛኛው ከንቱ ይሆናል።

የሀዲያና የከምባታ ምድር የተለየ ነው

ሆሳዕና የተቀመጠችው በዋናው የኢትዮጵያ ስምጥ ሸለቆ ምዕራባዊ ትከሻ ላይ ነው። በምሥራቅ በኩል የሚወርደው ውሃ በቢላቴ ወንዝ አድርጎ ወደ አባያ ሐይቅ፣ በምዕራብ የሚወርደው ደግሞ ወደ ኦሞ-ጊቤ ተፋሰስ ይሄዳል። ከሆሳዕና እስከ ዱራሜና አንጋጫ ድረስ ገጸ ምድሩን የሸፈነው በአብዛኛው የእሳተ ገሞራ ዓለትና ከእርሱ የተገኘ አፈር ነው፤ የከምባታ መለያ የሆነው ከ3,000 ሜትር በላይ ከፍታ ያለው ሀምበሪቾ ተራራም የእሳተ ገሞራ ሥራ ነው። ጥንታዊው ዓለት የለም ማለት አይደለም። በሰሜን በኩል በጉራጌ ምድር፣ ኬላ በተባለው ስፍራ፣ በስምጥ ሸለቆው ስንጥቆች ተገፍቶ ወደ ላይ ብቅ ብሎ ይታያል። ይህም ከእሳተ ገሞራው ሽፋን ሥር ቀጥሎ እንደሚገኝ ያመለክታል።

ችግሩ ጥልቀቱ ነው። የአየር ላይ ኤሌክትሮማግኔቲክ ዘዴ በተመቻቸ ሁኔታ እንኳ በአስተማማኝ መንገድ የሚደርሰው እስከ ጥቂት መቶ ሜትሮች ነው። በስምጥ ሸለቆው ትከሻ ላይ ያለው የእሳተ ገሞራ ንብርብር ውፍረት በብዙ ቦታ ከዚህ ያልፋል። በዚያ ላይ በዝናብ የበሰበሰው ሸክላማ አፈር ራሱ አስተላላፊ ስለሆነ የምልክቱን ኃይል ከላይ ይበላዋል። አንድ የሰልፋይድ ክምችት ከእነዚህ ሁሉ ሥር ቢኖር እንኳ ከአየር ላይ ሊታይ የሚችልበት ዕድል እጅግ ጠባብ ነው፤ ቢታይም ከዚያ ጥልቀት ማውጣት ሌላ ከባድ ጥያቄ ነው።

ሌላም እንቅፋት አለ። ሀዲያና ከምባታ በአገሪቱ እጅግ ጥቅጥቅ ያለ የገጠር ሕዝብ ከሚኖርባቸው አካባቢዎች ይመደባሉ። የገበሬው ቤት ከእንሰት ማሳው ጋር ተያይዞ፣ ጎረቤት ከጎረቤት ተቀራርቦ ይኖራል። የተንጠለጠለ ከባድ መሣሪያ ይዞ ከመሬት በጥቂት አሥር ሜትሮች ከፍታ የሚበር ሄሊኮፕተር ከመኖሪያ ቤቶች በላይ ማለፍ ስለማይገባው በካርታው ላይ ሰፋፊ ክፍተቶች ይፈጠራሉ። ለነዋሪው ሳይነገር የሚካሄድ በረራ ደግሞ ከብት ከማስደንበሩ ባሻገር «መሬታችን ለማዕድን ሊወሰድ ነው» የሚል ሥጋት ያስከትላል። ከርሻ የማይበልጥ መሬት ላላት እማወራ ይህ ሥጋት ቀላል ነገር አይደለም።

መዳቡ ሳይሆን ውሃው

ይህ ሁሉ ሲባል ዘዴው ለአካባቢው አይበጅም ማለት አይደለም። ለመዳብ ፍለጋ እንቅፋት የሆነው የላይኛው ንብርብር ለውሃ ፍለጋ ዋናው ጉዳይ ነው። የተሰነጠቀና ውሃ የያዘ ባዛልት፣ ጥቅጥቅ ያለ ኢግኒምብራይት፣ ሸክላና አሸዋማ ደለል በአስተላላፊነታቸው ይለያያሉ፤ ለከተማ ውሃ የሚቆፈሩ ጉድጓዶችም የሚወርዱት ዘዴው በሚደርስበት ጥልቀት ውስጥ ነው። ዴንማርክ እ.ኤ.አ. ከ1999 እስከ 2015 ባካሄደችው ብሔራዊ የከርሰ ምድር ውሃ ካርታ ሥራ፣ በኦርሁስ ዩኒቨርሲቲ የተጀመረውን የሄሊኮፕተር ዘዴ ለዚሁ ዓላማ አውላዋለች። ከዚያው ዩኒቨርሲቲ በኋላ የወጣው፣ በትንሽ ተሽከርካሪ መሬት ለመሬት የሚጎተተው መሣሪያ ደግሞ ቤት ለተጨናነቀበት ምድር ከሄሊኮፕተር ይልቅ ይስማማል፤ ወጪውም ያነሰ ነው።

ለሆሳዕና ዙሪያ የሚበጀው ቅደም ተከተል ስለዚህ ግልጽ ነው። መጀመሪያ ያለው ይሰብሰብ፤ የኢትዮጵያ ጂኦሎጂካል ሰርቬይ ከቼክ ባለሙያዎች ጋር በመተባበር የሆሳዕናን ሉህ በ1፡250,000 መጠን የሃይድሮጂኦሎጂ ካርታ ሠርቶለታል፤ በየወረዳው የተቆፈሩ ጉድጓዶች መዝገብም አለ። ቀጥሎ በተመረጡ ሸለቆዎች የመሬት ላይ መለኪያ ይካሄድ፤ ውጤቱም በነባር ጉድጓዶች ይፈተን። በረራ የሚታሰበው ከዚህ በኋላ፣ ሰፊ ቦታ መሸፈን ሲያስፈልግ ብቻ ነው። እዚህም መሣሪያው ሁሉን አዋቂ እንዳልሆነ መዘንጋት የለበትም። በስምጥ ሸለቆው በብዙ ጉድጓዶች የሚታየውንና የዓለም ጤና ድርጅት በሊትር 1.5 ሚሊግራም ብሎ ከወሰነው በላይ የሚሆነውን ፍሎራይድ ኤሌክትሮማግኔቲክ ዘዴ አያየውም፤ እርሱን የሚነግረው የውሃው ናሙና ነው።

መረጃው የማን ነው?

ለማዕድን በሚበረርባቸው በሰሜንና በምዕራብ የአገሪቱ ክፍሎች ደግሞ ዋናው ጥያቄ ሌላ ነው። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 40 ንዑስ አንቀጽ 3 መሬትና የተፈጥሮ ሀብት የመንግሥትና የሕዝብ መሆኑን ደንግጓል። የማዕድን ሥራዎች አዋጅ ቁጥር 678/2002ም ባለፈቃዱ የሥራውን ሪፖርት ለፈቃድ ሰጪው እንዲያቀርብ ያስገድዳል። ሀብቱ የሕዝብ ከሆነ ስለ ሀብቱ የተገኘው ዕውቀትም በመጨረሻ የሕዝብ ሊሆን ይገባል።

ኩባንያዎች ይህን በሥጋት ቢመለከቱት አያስገርምም። በራሳቸው ገንዘብ ያገኙት ምልክት ቁፋሮ ሳይጀምሩ በተወዳዳሪ እጅ ቢገባ ኪሣራቸው ነው። መልሱ ግን ምሥጢሩን በጊዜ መገደብ እንጂ ለዘለዓለም መቆለፍ አይደለም። የምዕራብ አውስትራሊያ ግዛት የፍለጋ ሪፖርቶች ከአምስት ዓመት በኋላ ለሕዝብ ክፍት የሚሆኑበትን ሥርዓት ዘርግታለች። የአውስትራሊያ ፌዴራላዊ የጂኦሳይንስ ተቋም ደግሞ መስመሮቹን በ20 ኪሎ ሜትር ርቀት አስቀምጦ ሰፊ ግዛት የሚሸፍን የአየር ላይ ቅኝት በራሱ አካሂዶ መረጃውን በነፃ ያሰራጫል። በሁለቱም ሁኔታ ባለሀብት አልሸሸም፤ የቀደመውን በረራ የሚደግም ከመሆን ግን ድኗል።

ክፍት መረጃ ያለ አንባቢ ደግሞ የተዘጋ መጽሐፍ ነው። የአንድ በረራ ቁጥሮች ትርጉም የሚያገኙት አከሳሰሙን ወደ ጥልቀት ምስል የሚለውጥ፣ የግራፋይቱን ምልክት ከሰልፋይዱ የሚለይ ባለሙያ ሲኖር ነው። ይህን ባለሙያ ለማፍራት ሄሊኮፕተር አያስፈልግም፤ ኮምፒውተር፣ መምህርና ያልተቆለፈ መረጃ ይበቃል። በሆሳዕና የሚገኘውን ዋቸሞ ዩኒቨርሲቲን ጨምሮ በየክልሉ ያሉ ዩኒቨርሲቲዎች የድኅረ ምረቃ ተማሪዎቻቸውን በአሮጌ በረራዎች መረጃ ላይ ቢያሠሩ፣ አንድ ኩባንያ ጥሎት የሄደው ምልክት ለሌላው ጥያቄ፣ ለመዳብ የተበረረውም ለውሃ መልስ ሊሰጥ ይችላል።

ስለዚህ «መቼ ይበረርልናል?» ከማለት በፊት ሦስት ጥያቄዎች መመለስ አለባቸው። ከሥራችን ያለው ዓለት ለምንፈልገው ነገር ይስማማል ወይ? ምልክቱን በቁፋሮ የሚያረጋግጥ በጀት ተይዟል ወይ? ቁጥሮቹስ ከአምስት ዓመት በኋላ በማን እጅ ይገኛሉ? ለሀዲያና ለከምባታ የመጀመሪያው ጥያቄ መልስ ወደ ውሃው ይመራል። ለመላው አገሪቱ ግን የሦስተኛው ጥያቄ መልስ ከማንኛውም ነጠላ ክምችት ይበልጣል፤ ማዕድን ተቆፍሮ ያልቃል፣ በአግባቡ የተያዘ መረጃ ግን ተመራማሪ በተነሣ ቁጥር እንደገና ይነበባል።