ልውጥ ሰብሎችና የነገው የምግብ ፍላጎት

የተባበሩት መንግሥታት ድርጅት ትንበያ እንደሚያመለክተው የሀገራችን የሕዝብ ብዛት እ.ኤ.አ በ2050 ከ200 ሚሊዮን በላይ ይሆናል። ይህን ሕዝብ በመመገብ ረገድ የዘረመል ምሕንድስና ሊኖረው የሚችለው ድርሻ ለረጅም ጊዜ ሲያከራክር ቆይቷል። አንዱ ወገን ቴክኖሎጂውን የረሃብ መድኃኒት አድርጎ ሲያቀርብ፣ ሌላው የሀገር በቀል ዝርያዎች ጠላት አድርጎ ይመለከተዋል።

እ.ኤ.አ በ2000 በጸደቀው የካርታሄና ፕሮቶኮል ድርድር የአፍሪካን የጥንቃቄ አቋም በግንባር ቀደምትነት ያራመዱት ዶክተር ተወልደብርሃን ገብረእግዚአብሔር ነበሩ። የደህንነተ ሕይወት አዋጅ ቁጥር 655/2001ም የዚሁ አቋም ውጤት ነው። ሆኖም አዋጁ በምርምር ላይ ሳይቀር ጥብቅ ቅድመ ሁኔታ በማስቀመጡ ቅሬታ አስነስቶ በአዋጅ ቁጥር 896/2007 ተሻሽሏል። በ2010 ዓ.ም ደግሞ ጓይ ትልን የሚቋቋም ቢቲ ጥጥ ለምርት እንዲውል ተፈቀደ።

ቢቲ ጥጥ ከአንድ የአፈር ባክቴሪያ በተወሰደ ዘረመል አማካይነት ትሉን የሚገድል ፕሮቲን ራሱ እንዲያመርት የተደረገ ተክል ነው። ልብ ሊባል የሚገባው ዘረመሉ በተባይ የሚጠፋውን ምርት የሚያድን እንጂ በራሱ ምርት የሚጨምር አለመሆኑ ነው። ማዳበሪያ ያላገኘ፣ አረሙ ያልተነቀለ ማሳ በዚህ ዘር አይለወጥም። ቡርኪናፋሶ እ.ኤ.አ በ2008 ቢቲ ጥጥን በስፋት ማምረት ጀምራ ተባዩን ብትከላከልም፣ የጥጡ ቃጫ በማጠሩና የገበያ ተፈላጊነቱ በመቀነሱ እ.ኤ.አ በ2016 ማምረቱን አቋርጣለች።

በምግብ ሰብል ላይ ጉዳዩ ይበልጥ ይከብዳል። በ2009 ዓ.ም መጤ ተምች ወደ ሀገራችን ከገባ ወዲህ ተባይንና ድርቅን እንዲቋቋም የተዘጋጀው ቴላ በቆሎ በኢትዮጵያ ግብርና ምርምር ኢንስቲትዩት አማካይነት በተከለለ ማሳ ላይ ተሞክሯል። ይሁን እንጂ ይኸው ተምች እ.ኤ.አ በ2006 በፖርቶ ሪኮ አንድ ዓይነት ቢቲ በቆሎን መላመዱ ታይቷል። መላመዱን ለማዘግየት ከማሳው ከፊሉን መደበኛ በቆሎ መዝራት ይመከራል፤ በግማሽ ሄክታር የሚተዳደር አርሶ አደርን “ጥቂቱን ለትሉ ተውለት” ብሎ ማሳመን ግን ለልማት ጣቢያ ሠራተኛ ቀላል ሥራ አይደለም።

በየዓመቱ ዘር መግዛት ያስከትላል የሚለው ስጋት ለበቆሎ አዲስ አይደለም። ቢኤች 660ን የመሰለ ዲቃላ የሚዘራ አርሶ አደር ድሮም ይገዛል። ይልቁንም የሚያሳስበው ዘሩ የመዝሪያ ወቅት ሳያልፍ መድረሱ ነው።

የእንሰት ጉዳይ ከዚህ ይለያል። አጠውልግ በሽታን የሚቋቋም ልውጥ እንሰት ቢገኝ ችግኙ ከጎረቤት ለጎረቤት ያለ ዋጋ ይተላለፋል፤ በዚያው ልክ ችግር ቢታይበት መልሶ መሰብሰብ አዳጋች ይሆናል። ስለሆነም ክትትል የሚያደርግ የሠለጠነ ባለሙያ በወረዳ ደረጃ መመደብ ያለበት ችግኙ ከምርምር ጣቢያ ከመውጣቱ በፊት ነው።