«ፈጠርን» እና «ተፈጠረ»

በአዲስ አበባ ጎዳና «ፎርጅድ» የሚለውን ቃል ትርጉም የሚጠይቅ ሰው አይገኝም። ፎርጅድ መታወቂያ፣ ፎርጅድ መንጃ ፈቃድ፣ ፎርጅድ ዲግሪ እንላለን፤ ሐሰተኛ ማለታችን ነው። ይሁን እንጂ ቃሉ በትውልድ አገሩ በእንግሊዝኛ ሌላ የከበረ ፍቺም አለው። «ፎርጅ» ማለት ብረትን በእሳት አግሎ፣ በመዶሻ ቀጥቅጦ ቅርጽ ማስያዝ ነው፤ አንጥረኛው የሚሠራበት ምድጃም በዚሁ ስም ይጠራል። እኛ ግን ማረሻ የሚሠራውን ፎርጅ ትተን፣ ማኅተም የሚያስመስለውን ብቻ ተቀበልን።

«ፋብሪካ» ደግሞ በመልካም ስሙ ነው የገባው። ከጣሊያንኛ የወረስነው ይህ ቃል ምንጩ ላቲን ነው፤ የእጅ ባለሙያ የሚሠራበትን ቤት ያመለክት ነበር። ከዚሁ ሥር የበቀለው የእንግሊዝኛው «ፋብሪኬት» በአንድ ፊቱ ብረታ ብረት ቆርጦና ገጣጥሞ ዕቃ መሥራት ሲሆን፣ በሌላ ፊቱ ያልነበረ ማስረጃን እንደነበረ አድርጎ ማቅረብ ነው። እኛም ብንሆን ብዙ ሳንቆይ ከፋብሪካ «ፈበረከ» የሚል ግስ አወጣን፤ ሳሙናም ይፈበረካል፣ ወሬም ይፈበረካል።

«ማኑፋክቸር»ም ከዚህ ዕጣ አላመለጠም። በላቲን ሥሩ «በእጅ መሥራት» ማለት ነበር፤ ዛሬ የመኪናና የግዙፍ ኢንዱስትሪ ስም ሆኗል። አሜሪካዊው ጋዜጠኛ ዋልተር ሊፕማን እ.ኤ.አ. በ1922 ባሳተመው መጽሐፉ የሕዝብ ይሁንታም እንደ ሸቀጥ እንደሚመረት በዚሁ ቃል ገለጸ። ኤድዋርድ ሄርማንና ኖአም ቾምስኪ እ.ኤ.አ. በ1988 አባባሉን ለመጽሐፋቸው ርዕስ አደረጉት።

እንግዲህ የመሥራትና የመዋሸት ቃላት ጎረቤታሞች ናቸው። ይህ የእንግሊዝኛ በሽታ ብቻ ነው ብለን እንዳንጽናና የራሳችን «ፈጠረ» ይመሰክርብናል። ፈጣሪ ብለን አምላክን እንጠራለን፤ የፈጠራ ሰው ብለን ባለ አእምሮን እናወድሳለን፤ የፈጠራ ክስ ብለን ደግሞ ንጹሕ ሰው ወኅኒ የሚወርድበትን ወረቀት እንሰይማለን። ቃሉ አንድ ነው፤ የሚለየው ማን፣ ምን፣ ከምን እንደፈጠረ ስንጠይቅ ነው።

ውድ አንባቢ፣ የዚህ ሁሉ ሐተታ መድረሻ ይህ ጥያቄ ነው። የባለ ሥልጣኖቻችንን መግለጫ በጥሞና ያዳመጠ ሰው አንድ ሥርዓት ሳያስተውል አይቀርም። ሥራ ሲሆን «ፈጠርን» ይባላል፤ ግጭት ሲሆን «ተፈጠረ» ይባላል። ምቹ ሁኔታ ፈጠርን፤ እጥረት ተፈጠረ። ገበያ ፈጠርን፤ አለመግባባት ተፈጠረ። ምስጋና የሚያስገኘው ግስ ባለቤት አለው፤ ሰው የሞተበትና ቤት የተቃጠለበት ግስ ግን ወላጅ የሌለው ነው።

ባለ ሥልጣን በግስ ተከልሎ ሲያመልጥ የእኛ የመጀመሪያው አይደለም። የአሜሪካው ፕሬዚዳንት ሮናልድ ሬገን ለኢራን በምሥጢር መሣሪያ በተሸጠበት ጉዳይ እ.ኤ.አ. በ1987 ለምክር ቤቱ ሲናገሩ፣ ከባድ ስህተቶች «ተሠርተዋል» አሉ። ማን ሠራቸው? ግሱ አይናገርም።

ሌላም አለ። እንግሊዝኛው «ሥራ መፍጠር» የሚለውን እኛ «የሥራ ዕድል ፈጠራ» ብለን ተረጎምነው። ሥራ ደመወዝ ያለው፣ ወር ሲሞላ የሚቆጠር ነገር ነው፤ ዕድል ግን ሊደርስም ላይደርስም ይችላል። ይህች «ዕድል» የምትባል ቃል በመሐል ስትገባ የተቀጠረውም፣ የሠለጠነውም፣ ገና የተመዘገበውም በአንድ አኃዝ ሊደመር በሩ ይከፈታል። ለተመራቂው ወጣት ግን ልዩነቱ የቤት ኪራይ ነው።

ስምን መልአክ ያወጣዋል ይላሉ አበው። የመንግሥትን ሥራ ስም ግን መልአክ አያወጣለትም፤ መግለጫ ጸሐፊ ነው የሚያወጣለት። ስለዚህ ጋዜጠኛውም፣ መምህሩም፣ ተራው አድማጭም «ተፈጠረ» የሚለውን ቃል በሰማ ቁጥር «ማን ፈጠረው?» ብሎ ይጠይቅ። «ፈጠርን» ሲሉትም «የት ነው ያለው? አሳዩን» ይበል። ብረት ቀጥቃጩ ማረሻውን አውጥቶ ያሳያል፤ ማሳየት ያልቻለ ግን ሥራው በአራዳ ቋንቋ የምናውቀው ፎርጅድ ነው።

ቸር እንሰንብት።