ችግሩ ሴቲንጉ ላይ አይደለም

«እንግሊዝኛውን እንደ ጉድ ያነበንበዋል፤ አማርኛ ላይ ሲደርስ ግን ጭጭ! ምን ነክቶት ነው?»

የደወለልኝ ጓደኛዬ ነው። ዓይነ ስውር ነው፤ አዲስ ላፕቶፕ ገዝቶ ስክሪን ሪደር ጭኗል። እኔ ደግሞ በጓደኞቼ መሃል «ኮምፒውተር ይችላል» የሚል ስም ወጥቶልኛል፤ ሄድኩ።

ነገሩ አሥር ደቂቃ አልፈጀም። የጫነው ኤንቪዲኤን ነው፤ ማይክል ከራን የተባለ ዓይነ ስውር አውስትራሊያዊ በ2006 እ.ኤ.አ. የጀመረውን፣ እስከ ዛሬ በነፃ የሚገኘውን ፕሮግራም። ስክሪን ሪደር ስክሪኑ ላይ ያለውን ጽሑፍ ለቅሞ ለድምፅ መሥሪያው ያቀብላል። የተመረጠው ድምፅ አማርኛ ካልቻለ ፊደሉን ዘሎት ያልፋል። ኢንሰርት፣ ኮንትሮልና ኤስን አንድ ላይ ተጫንን፤ ኢስፒክን መረጥን፤ ከዚያ ከድምፆቹ ዝርዝር አማርኛን። ተናገረ! ከሰው የተቀዳ ሳይሆን ኮምፒውተሩ ራሱ የሚፈበርከው ድምፅ ስለሆነ ቆርቆሮ ቆርቆሮ ይላል፤ ግን ተናገረ። ጓደኛዬም «በቃ ይሄው ነው?» ብሎ ሳቀ።

መች በዚህ አበቃ። መምህሩ የላኩለትን ሃንድአውት ከፈተ። ለእኔ ቁልጭ ያለ አማርኛ ነው የሚታየኝ፤ ማሽኑ ግን የእንግሊዝኛ ፊደልና ምልክት እያደባለቀ ይዘባርቃል። ግዕዝ ዩኒኮድ ውስጥ የገባው በ1999 እ.ኤ.አ. ነው። ከዚያ በፊት የተሠሩት ፎንቶች ለላቲን ፊደል የተመደበውን ቁጥር ወስደው የግዕዝ ልብስ ያለብሱት ነበር። ዓይን ልብሱን ያያል፤ ማሽን የሚያነበው ቁጥሩን ነው። ዛሬም በእነዚያ ፎንቶች የሚጽፍ ሞልቷል።

ሃንድአውቱን ትተን ቴሌግራም ገባን። የሥራ ማስታወቂያ ተለጥፏል፤ በፎቶ። ማሽኑ «ፎቶ» ብሎ ዝም። እኔ አነበብኩለት። ልክ በእሱ ሙያ ነበር፤ ምዝገባው ከተዘጋ ግን ሁለት ቀን አልፎታል።

የተናደድኩት እዚህ ጋ ነው። ስክሪን ሪደር አልሠራ ሲል ጥያቄው ሁሉ ዓይነ ስውሩ ላይ ይዘንባል፦ አፕዴት አድርገሃል? ስልጠና ወስደሃል? ኮምፒውተሩን አጥፍተህ አብርተሃል? ሰውየው የእሱን ድርሻ በአሥር ደቂቃ ጨርሷል እኮ! የቀረው የእኛ የላኪዎቹ ነው፤ እኛን ግን የሚጠይቀን የለም።

«ማህተሙና ፊርማው እንዲታይ ነው በፎቶ የምንለጥፈው» ትላላችሁ። እሺ፣ ፎቶው ይኑር። ግን እኮ ደብዳቤው ከመታተሙ በፊት ኮምፒውተር ላይ ነው የተጻፈው። ጽሑፉን ኮፒ አድርጎ ከፎቶው ሥር መለጠፍ ስንት ሰከንድ ይፈጃል?

«ከፎቶ ላይ ጽሑፍ የሚለቅም ፕሮግራም አለ» የሚልም አይጠፋም። አለ፤ አማርኛም ይሞክራል። ነገር ግን ፊደሎቻችን በአንዲት ቅጥያ የሚለያዩ ናቸው፤ በደብዛዛ ፎቶ ላይ ማሽኑ ይስታቸዋል። ከስልክ ቁጥር ወይም ከመዝጊያ ቀን ላይ አንድ አሃዝ ከተሳሳተ ደግሞ ማስታወቂያው እንዳልተነበበ ቁጠሩት።

«ድምፁም እኮ አማርኛውን ያበላሸዋል» ላላችሁኝ፣ እውነት ነው፤ ይሳሳታል። «ልጁ ይመታል» የሚለውን ውሰዱ። ላልቶ ሲነበብ ልጁ መቺ ነው፤ ጠብቆ ሲነበብ ተመቺ። ፊደላችን ማጥበቅና ማላላትን ስለማያሳይ ማሽኑ ይገምታል። ቢሆንም ጓደኛዬ አማርኛ አፉን የፈታበት ነው፤ የተሳሳተውን በጆሮው ያርመዋል። ያልተነገረውን ግን ከየት አምጥቶ ያርም?

ይሄ የደግነት ጉዳይ እንዳይመስላችሁ። ኢትዮጵያ የአካል ጉዳተኞችን መብት የሚመለከተውን ዓለም አቀፍ ስምምነት ያጸደቀችው በ2002 ዓ.ም. ነው፤ አንቀጽ 9 ስለ መንገድና ሕንፃ ብቻ ሳይሆን ስለ መረጃም ይናገራል። ማስታወቂያን በፎቶ ብቻ መለጠፍ ደረጃ ብቻ ያለው ቢሮ ከፍቶ ዊልቸር ላይ ያለውን ሰው «ግባ» እንደ ማለት ነው።

ስለዚህ የሚቀጥለውን ፋይል ከመላካችሁ በፊት ሁለት ነገር ሞክሩ። በማውሱ አንድ ዓረፍተ ነገር ምረጡ፤ ፊደሎቹ አልመረጥ ካሉ የላካችሁት ሥዕል ነው። ከተመረጡ ደግሞ ኮፒ አድርጋችሁ ቴሌግራም ላይ ለጥፉት፤ አማርኛው ወደ እንግሊዝኛ ዝብርቅርቅ ከተቀየረ ፎንቱ የድሮው ነው፤ በዩኒኮድ እንደገና ጻፉት። አዎ፣ ይሰለቻል። ጓደኛዬ ግን በየቀኑ በየፋይሉ ነው የሚሰለቸው።

መምህሩ ሃንድአውቱን በዩኒኮድ እንዲልኩለት ጽፎላቸዋል። እስካሁን መልስ አልመጣም።