ያልተሟላው የማን ሰነድ ነው?

«መጓተቱ የሚመጣው ተገልጋዩ ሰነድ አሟልቶ ስለማይቀርብ ነው።» የቤት ስም ዝውውር ለምን ወራት ይፈጃል ተብሎ በተጠየቀ ቁጥር ከመድረክ የምትወርደው መልስ ይህች ናት። ኃላፊው ይቀየራል፣ ጽሕፈት ቤቱ ስሙን ይለውጣል፣ እሷ ግን ከወንበሯ አትነሣም። ቢቸና ላይ የሰማት ሰው ሞጣ ላይ ሲሰማት አይደነቅም፤ ደብረ ማርቆስም ባሕር ዳርም ያው ናት። ላይዋ ጨዋ ነው፤ ማንንም አትሳደብም። ጥፋቱን ብቻ ከባለማኅተሙ ጠረጴዛ አንሥታ ባለጉዳዩ ጭን ላይ ታኖረዋለች። እኔን የምታናድደኝም በዚሁ ነው።

እስቲ በትዕግሥት እንመርምራት። ቤት ሊገዛ የተስማማ ሰው ምን አምጣ ይባላል? የሻጩን ካርታ። ካርታውን የሚሰጠው ማን ነው? ማዘጋጃ ቤቱ። ካርታው ያረጀ ነው፣ በአዲስ ልኬት ይታደስ ከተባለ የሚለካውም የሚያድሰውም ማን ነው? ማዘጋጃ ቤቱ። ቤቱ ከዕዳና ከእገዳ ነፃ ስለመሆኑ ማረጋገጫስ? እገዳው የተያያዘበት ፋይል የተቀመጠው እዚያው መደርደሪያ ላይ ነው። የቤቱ ግምት? የዚያው መሥሪያ ቤት መሐንዲስ ወጥቶ አይቶ የሚጽፈው ነው። ነባር ይዞታ ከሆነ ደግሞ በአዋጅ ቁጥር 721/2004 መሠረት ከውርስ በቀር በሌላ መንገድ ሲተላለፍ ወደ ሊዝ ይገባል፤ የሊዙን ሒሳብ የሚሠራው አሁንም እሱ ነው። የግብር ክሊራንሱ ከገቢዎች፣ ያላገባ ወይም ያገባ የሚለው ወረቀት ከቀበሌ፣ ሻጩ ወራሽ ከሆነም የወራሽነት ማስረጃው ከፍርድ ቤት ይመጣል።

ታዲያ ሻጭና ገዢ ከቤታቸው ይዘውት የሚመጡት ምን ቀረ? ጉርድ ፎቶግራፍ፣ ምስክሮችና ገንዘብ። በእነዚህ ሦስቱ የተነሣ የተጓተተ ዝውውር ካለ ኃላፊው ይጥሩኝና ልየው። የቀረው ሁሉ አንዱ የመንግሥት መስኮት ያልጻፈውን ወረቀት ሌላው የመንግሥት መስኮት ከዜጋው የሚጠይቅበት ነገር ነው። አንዳንዴማ ሁለቱ መስኮቶች የሚገኙት በአንድ ኮሪደር ነው፤ በመካከላቸው የሚመላለሰው ተላላኪም ባለጉዳዩ ራሱ ነው፣ ያለ ደመወዝ።

ወረቀቶቹ ደግሞ አብረው አይቆዩም። ግምቱ እስኪወጣ ክሊራንሱ ያረጃል። ክሊራንሱ ሲታደስ መሐንዲሱ መስክ ወጥቷል። መሐንዲሱ ሲመለስ ፈራሚው ሥልጠና ገብተዋል። ሰኔ 30 አለፈ ማለት የአዲሱ ዓመት ግብር መጣ ማለት ነው፤ እንደገና ወደ ገቢዎች። እንዲህ እየዞረ ያለ ፋይል በየትኛው ቀን ነው «የተሟላ» የሚሆነው?

የዜጎች ቻርተር ተብሎ በየጽሕፈት ቤቱ ግድግዳ የተለጠፈው ሰሌዳም ከዚህ አያወጣንም። ሰሌዳው አገልግሎቱን፣ የሚፈጀውን ጊዜና ቅድመ ሁኔታውን ይዘረዝራል። ጊዜው የሚቆጠረው ግን ቅድመ ሁኔታው ከተሟላ በኋላ ነው፤ ተሟላ ብሎ የሚመሰክረውም ያው ባለሙያ። ሰዓቱን የሚያስነሣው ራሱ ሯጩ ከሆነ ማን ይዘገያል? በዚህ ስሌት ስድስት ወር የተንከራተተ ባለጉዳይ በሪፖርቱ ላይ በሦስት ቀን የተስተናገደ ሆኖ ሊወጣ ይችላል። ሐሰት ተጽፏል ማለቴ አይደለም፤ እንዲያውም የሚያስፈራኝ ሪፖርቱ እውነት መሆኑ ነው።

ሕጉስ? የፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 1723 የማይንቀሳቀስ ንብረት ውል በጽሑፍ ይሁን፣ በፍርድ ቤት ወይም በውል አዋዋይ ፊት ይመዝገብ ይላል። የፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሰበር ሰሚ ችሎትም በ1999 ዓ.ም. በመዝገብ ቁጥር 21448 ይህን ያላሟላ የቤት ሽያጭ አይጸናም ብሎ አሰረው። በኋላ ሻጩ መሸጡን እስካልካደ ድረስ በሚል ለዘብ አድርጎታል። ሐሳቡ ገዢን ከአጭበርባሪ መጠበቅ ነው፣ ክፉ አይደለም። ነገር ግን ውሉ ከመጽደቁ በፊት ከማዘጋጃ ቤቱ ወረቀት ይምጣ ይባላል፤ ወረቀቱ እስኪመጣ ሰዎች በመንደር ውልና በቀብድ ይቆያሉ። በዚያ ሁሉ ጊዜ ገንዘቡን የሰጠ ገዢ የቆመው በሻጩ ሕሊና ላይ ነው።

የሕሊና ዋጋ ደግሞ ከገበያው ጋር ይወጣል ይወርዳል። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪው ለገበያ ሲለቀቅ አንድ ዶላር 57 ብር ገደማ ነበር፤ በጥቂት ሳምንታት ከመቶ ብር በላይ ሆነ። ከዚያ በፊት በነበረው ወር ቀብድ የተቀበለ ሻጭ ምን ያስባል? አንቀጽ 1885 መውጫ አስቀምጦለታል፦ ቀብድ ሰጪው ውሉን ቢያፈርስ ቀብዱ ይቀርበታል፣ ተቀባዩ ቢያፈርስ እጥፉን ይመልሳል። ቤቱ በተወደደበት ዘመን እጥፍ ቀብድ መልሶ ለሌላ መሸጥ ትርፍ ነው። የእነማይን ጤፍ ሸጦ ከተማ ለመግባት የተሰናዳው ገዢ እጥፍ ተቀበለ ይባላል፤ በዚያ እጥፍ ግን ቤት አይገዛም። ሻጩ ሕግ አልጣሰም። ማዘጋጃ ቤቱም እንደ ራሱ አባባል አልዘገየም። ኪሳራው ብቻ ባለቤት አለው።

መዘግየት ከተባለ ዋናው መዘግየት ከላይ ነው። የፍትሐ ብሔር ሕጉ በ1952 ዓ.ም. ሲታወጅ ከአንቀጽ 1553 እስከ 1646 ድረስ ስለማይንቀሳቀስ ንብረት መዝገብ በዝርዝር ጽፎ ነበር። አንቀጽ 3363 ደግሞ እነዚህ አንቀጾች በነጋሪት ጋዜጣ ቀኑ እስኪገለጥ ድረስ ሥራ ላይ አይውሉም አለ። ያ ቀን አልተገለጠም። ንጉሡ ሄዱ፣ ደርግ በሐምሌ 1967 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 47 የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤትን ወርሶ ሄደ፣ የይዞታ ምዝገባ አዋጅ ቁጥር 818/2006 መጣ። ዜጋውን ሰነድ አላሟላህም የሚለው መንግሥት የራሱን መዝገብ ሳያሟላ ከስድሳ ዓመት በላይ ሆኖታል።

በነገራችን ላይ ይህ አገር ከልኬት ጋር የቆየ ታሪክ አለው። በ1960 ዓ.ም. የእርሻ ገቢ ግብር አዋጅ ሲመጣ መሬታችን ተለክቶ ርስታችን ሊወሰድ ነው ብለው ከተነሡት የጎጃም ገበሬዎች መካከል የሞጣና የቢቸና አውራጃ ሰዎች ይገኙበታል። የዚያን ጊዜው ጥያቄ ቀያሽ አይግባብን ነበር። የልጅ ልጆቻቸው ዛሬ በማመልከቻ የሚለምኑት ቀያሽ ይምጣልን ብለው ነው። መንግሥትን እንዲህ ያለ እድል የሚገጥመው ስንት ጊዜ ይሆን?

የመጓተቱ ምክንያት ጸጥታ ነው የሚል ካለ ግን እሰማዋለሁ። ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ወዲህ በአማራ ክልል ጦርነት አለ። ከደጀን በቢቸና በሞጣ አድርጎ ባሕር ዳር የሚያደርሰው መንገድ ሲከፈት ሲዘጋ ከርሟል፤ ኢንተርኔት ለወራት ጠፍቷል፤ ሹሙም ጸሐፊውም ነፍሱን ይዞ ነው የሚሠራው። ይህ ቢነገር ቢያንስ እውነት ነው። የሚገርመኝ ከመድረክ የማይነገረው እሱ መሆኑ ነው፤ ጸጥታ የለም ከማለት ዜጋው ወረቀት አጓደለ ማለት ይቀላል። ከጦርነቱ በፊት የተጓተተውንማ ለጦርነቱ አናስታቅፈውም።

በሰኔ 2017 ዓ.ም. የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት የውጭ ዜጎች ቤት እንዲኖራቸው የሚፈቅድ አዋጅ አጽድቋል፤ መነሻው 150 ሺህ ዶላር ነው። ለእነሱ የሚጠረገውን መንገድ አልመቀኝም። አንድ የሞጣ መምህርም ከዚያው መንገድ ዳር ይታሰብ ማለት ምቀኝነት ከሆነ ግን ምቀኛ ነኝ።

ምን ይደረግ ለሚለኝ የምጠይቀው ትንሽ ነገር ነው። ማመልከቻ የተቀበለ መስኮት ቀን ያለበት መረከቢያ ይስጥ፤ የጎደለ ካለ አንድ ጊዜ ጽፎ ይጨርስ፤ ቀኑም ከዚያ ይቆጠር። የፌዴራል የአስተዳደር ሥነ ሥርዓት አዋጅ ቁጥር 1183/2012 የፌዴራል ተቋማትን እንጂ የክልል ማዘጋጃ ቤትን አይነካም፤ ስለዚህ ግዴታው ከክልሉ መምጣት አለበት። አንድ ማዕከል፣ መሶብ እየተባለ መስኮቶቹን ወደ አንድ አዳራሽ የማስገባቱ ነገርም በጎ ነው፤ መስኮቶቹ ገቡ ማለት ፋይሉ አብሮ ገባ ማለት ባይሆንም።

በመረከቢያው ላይ የተጻፈው ቀን ቢያልፍስ? ዝም ያለ ሹም እንደፈቀደ ይቆጠር የሚል ደንብ ይውጣ ልል ፈልጌ እጄ ተያዘ። በዚያች ቀዳዳ የሐሰት ካርታ ይገባል ይሉኛል፤ ውሸታችሁን ነው ለማለት ድፍረቱ የለኝም። በአንድ ቤት ሁለት ካርታ ተይዞ ችሎት ፊት የሚቆም ሰው እዚህ አገር ጥቂት አይደለም። ከሚጓተት መስኮትና ሳያይ ከሚፈርም መስኮት የትኛው ገዢውን ይበልጥ እንደሚጎዳ እኔ አላውቅም።