ሳይቃጠል በቅጠል

ከደብረ ታቦር አጠገብ የምትገኘው ጋፋት አፄ ቴዎድሮስ ሴባስቶፖል የተባለውን መድፍ ያሠሩባት ቦታ ናት። በዚያ እሳት ለሥራ የበጀው በእቶን ውስጥ ተይዞ ስለ ነበረ ነው። ከፀሐይ የሚገኘው ኤሌክትሪክም እንደዚሁ መያዣ የሚያሻው መሆኑ ሊዘነጋ አይገባም።

በአገራችን ገጠር የፀሐይ ኤሌክትሪክ አዲስ ነገር አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1985 በሚቶ መንደር የተተከለው 10.5 ኪሎ ዋት ጣቢያ ለ300 ያህል ቤተሰቦች አገልግሏል። በ1989ም ወደ 30 ኪሎ ዋት አድጎ ለውኃ መሳቢያና ለእህል ወፍጮ እንዲውል ተደርጓል። ዛሬ ግን እያንዳንዳቸው 5 ኪሎ ዋት የሚሰጡ ሁለት ኢንቨርተሮች ሲጣመሩ፣ በመጀመሪያ መንደሩን ሁሉ ያበራውን ያህል ኃይል በአንድ ቤት ማከፋፈያ ሳጥን ውስጥ ይገባል።

አደጋው የሚመነጨውም ከዚሁ ነው። በ220 ቮልት አንዱ ኢንቨርተር 23 አምፔር ያህል ሲሰጥ ሁለቱ አንድ ላይ 45 አምፔር ያህል ይሰጣሉ። ሁለት ቦዮች ወደ አንድ ጠባብ ቦይ ሲገቡ ዳሩን እንደሚያፈርሱት ሁሉ፣ ለ32 አምፔር የተመረጠ የጋራ ሽቦም ይህን ሲሸከም ይግላል፤ ልባሱም ይቀልጣል። የከፋው ነገር የኢንቨርተሮቹ ብሬከሮች የማይዘሉ መሆናቸው ነው። እያንዳንዱ ብሬከር የሚያየው የራሱን 23 አምፔር ብቻ ነውና።

ስለዚህ ለእያንዳንዱ ኢንቨርተር የራሱ 32 አምፔር ብሬከርና 6 ሚሊ ሜትር ካሬ የመዳብ ሽቦ ሊኖረው፣ ከመገናኛው በኋላ ደግሞ 63 አምፔር ዋና ብሬከርና 16 ሚሊ ሜትር ካሬ ሽቦ ሊደረግ ይገባል። በ48 ቮልት ባትሪ በኩል አንዱ ኢንቨርተር ከ100 አምፔር በላይ ስለሚስብ፣ ለቀጥተኛ ጅረት የተሠራ ፊውዝ በየመስመሩ ከባትሪው አጠገብ መግባት አለበት። ተራ የቤት ብሬከር በዚህ በኩል የሚነሣውን ብልጭታ ማጥፋት ይሳነዋል። ደግሞም ማንኛውም ኢንቨርተር አይጣመርም፤ ሁለቱ አንድ ዓይነት ሆነው ሠሪው ለማጣመር የፈቀደላቸው መሆን አለባቸው።

የመብራት ኃይል መስመር በገባበት ቤት ሁለቱን ምንጮች የሚለይ መቀያየሪያ የግድ ያስፈልጋል። ያለዚያ የቤቱ ኃይል ወደ መስመሩ ተመልሶ በትራንስፎርመሩ ከፍ ይልና፣ መብራት ጠፍቷል ብሎ ምሰሶ ላይ የወጣውን ሠራተኛ ሊገድል ይችላል።

የገበሬ ማኅበራት መሪዎች የኤሌክትሪክ ባለሙያ እንዲሆኑ አይጠበቅባቸውም። ነገር ግን ለጽሕፈት ቤት፣ ለወፍጮ ወይም ለጤና ኬላ ሥራ የመጨረሻው ክፍያ ከመፈጸሙ በፊት ሳጥኑን አስከፍተው ብሬከሮቹን መቁጠር፣ በላያቸው የተጻፈውን ቁጥር ማንበብና ሽቦው ለዚያ የሚበቃ መሆኑን ባለሙያውን መጠየቅ ይችላሉ። ብሬከር ደጋግሞ ሲዘል በትልቅ መተካት ወይም ፊውዝን በሽቦ ማያያዝ የጠባቂን ዓይን እንደ ማሰር መሆኑንም ለአባሎቻቸው ማስረዳት ይኖርባቸዋል። በብሬከርና በፊውዝ ላይ የሚቆጠብ ጥቂት ብር ዓመት ሙሉ የተለፋበትን ጎተራና በውስጡ የሚያድረውን ቤተሰብ አይተካምና፣ ጥንቃቄው ዛሬውኑ ሊጀመር ይገባል።