ጉርሻ ደመወዝ አይደለም

አዳማ ውስጥ አዲስ ምግብ ቤት ወይም ባር ሳይከፈት የሚያልፍ ወር ያለ አይመስልም። ትናንት ግሮሰሪ የነበረው ቤት ዛሬ መብራቱን አድምቆ፣ ዲጄ ቀጥሮ፣ ስሙን ለውጦ ይጠብቀናል። "እገሌ ቤት ክትፎው ልዩ ነው"፣ "እዚያ ማዶ የተከፈተውን አይታችኋል?" መባባል የከተማው የዘወትር ወሬ ነው። አዲስ ቤት መሞከር ራሱን የቻለ መዝናኛ ሆኗል ቢባል ማጋነን አይሆንም።

በዚህ ክፋት የለም። ጥያቄው አዲስ ቤት ገብተን የምንመዝነው ምኑን ነው የሚለው ነው። የጥብሱን ጣዕም፣ የቢራውን ቅዝቃዜ፣ የወንበሩን ምቾት፣ የመጸዳጃ ቤቱን ንጽሕና እንመዝናለን። ሳህኑን ተሸክማ የመጣችው ልጅ ደመወዝ ይከፈላት ወይም አይከፈላት፣ ሌሊት ስንት ሰዓት ወደ ቤቷ እንደምትገባ፣ የሥራ ውል ይኑራት አይኑራት ግን አንጠይቅም።

የዘርፉ ዕድገት ምክንያት አለው። አዳማ ከአዲስ አበባ 100 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቀት ላይ የምትገኝ፣ የጂቡቲ፣ የሐረርና የአርሲ መንገደኛ የሚያልፍባት ከተማ ናት። ከ1992 እስከ 1997 ዓ.ም. የኦሮሚያ ክልል ርዕሰ ከተማ ነበረች። በመስከረም 2007 ዓ.ም. የአዲስ አበባ - አዳማ የፍጥነት መንገድ ሲመረቅ ደግሞ ለምሳ መጥቶ ለእራት መመለስ ቀላል ሆነ። የመንግሥት መሥሪያ ቤቶች ስብሰባና ሥልጠና ሲያስቡ አስቀድሞ የሚታያቸው አዳማ መሆኑም የአደባባይ ምስጢር ነው። አዳራሹ፣ አልጋው፣ ምሳው፣ ከምሽቱ በኋላ ያለው ሁሉ በአበል ይንቀሳቀሳል።

በስምጥ ሸለቆው መስመር ያሉት ሌሎች ከተሞችም የየራሳቸው ደንበኛ አላቸው። ቢሾፍቱ ሐይቆቿን አይቶ ቅዳሜና እሑድን ሊያሳልፍ የሚመጣውን ታስተናግዳለች። ሞጆ የደረቅ ወደቡን ሹፌርና ነጋዴ ትመግባለች። ባቱ ላይ ዓሣ ጉላሽና ዓሣ ጥብስ ሳይበላ የሚያልፍ መንገደኛ ጥቂት ነው። ሻሸመኔ የመንገዶች መገናኛ እንደመሆኗ ሌሊትም አትተኛም።

እነዚህን ከተሞች አንድ የሚያደርጋቸው ነገር ቢኖር ከደንበኞቻቸው ብዙው አላፊ መሆኑ ነው። ነገ አይመለስም። አስተናጋጇም ብዙውን ጊዜ ከሌላ ወረዳ ሥራ ፍለጋ የመጣች፣ ዘመድም ማኅበርም የሌላት ወጣት ናት። አላፊ በላተኛና መጤ ሠራተኛ ለአንድ ሰዓት ይገናኙና ይለያያሉ። አንዱ ስለ ሌላው አይጠይቅም። ሕግ ሊገባ የሚገባው ደግሞ ጠያቂ በጠፋበት በዚህ ክፍተት ነው።

በብዙ ቤቶች አዲስ ለምትቀጠር ልጅ የሚነገራት የታወቀ ነው። "ደመወዙ ትንሽ ነው፤ ዋናው ጉርሻው ነው" ትባላለች። እዚህ ላይ ቋንቋችን ራሱ ሊያስተምረን ይችላል። በባህላችን ጉርሻ ከማዕዱ በላይ የሚሰጥ የፍቅር ትርፍ ነው። አጉራሹ ማዕዱን አንሥቶ "አጉርሼህ የለም ወይ?" አይልም። ባለ ሆቴሉ ግን እኛ የሰጠነውን ጉርሻ ቆጥሮ ከማዕዱ ሲቀንስ፣ ያጎረስነው ሠራተኛዋን ሳይሆን እርሱን ነው ማለት ነው።

ሕጉም ከባህሉ ጋር ይስማማል። የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 በአንቀጽ 53 ደመወዝ ማለት ምን እንደሆነ ሲተረጉም፣ እንደ ደመወዝ የማይቆጠሩትን ክፍያዎችም ይዘረዝራል። ከእነዚህ አንዱ ከደንበኞች የሚገኝ የአገልግሎት ክፍያ ነው። እንግዲህ ከደንበኛ ኪስ የሚወጣ ገንዘብ አሠሪውን ከደመወዝ ግዴታው ነፃ አያወጣውም።

ሌሎቹም ድንጋጌዎች ለዚህ ዘርፍ ታስበው የተጻፉ ይመስላሉ። ውሉ በጽሑፍ ካልሆነ አሠሪው በ15 ቀናት ውስጥ የውሉን ፍሬ ነገር የያዘ የተፈረመ ጽሑፍ ለሠራተኛው መስጠት አለበት። መደበኛው የሥራ ሰዓት በቀን ከ8፣ በሳምንት ከ48 ሰዓት መብለጥ የለበትም። ከምሽቱ 4 ሰዓት እስከ ንጋቱ 12 ሰዓት የሚሠራ የትርፍ ሰዓት ሥራ በመደበኛው የሰዓት ክፍያ ላይ በ1.75 ተባዝቶ ይከፈላል። በሥራ ቦታ ወሲባዊ ትንኮሳ መፈጸምም በአንቀጽ 14 የተከለከለ ነው። "ደንበኛ ንጉሥ ነው" የሚለው የንግድ አባባል ደንበኛውን ከሕግ በላይ አያደርገውም። ሌሊቱን ሙሉ ክፍት በሆኑት ባሮቻችን ከእነዚህ መብቶች ስንቱ በሥራ ላይ እንዳለ አንባቢ የራሱን ዓይን ይጠይቅ።

ሕጉ ራሱ ያላለቀ ሥራ አለበት። ይኸው አዋጅ በአንቀጽ 55 የመንግሥት፣ የአሠሪዎችና የሠራተኞች ተወካዮች የሚገኙበት፣ ዝቅተኛውን ደመወዝ የሚወስን ቦርድ እንደሚቋቋም ደንግጓል። ኢሠማኮም ዝቅተኛ ደመወዝ እንዲወሰን መጠየቁን አላቋረጠም። ለአስተናጋጇ ግን ነገሩ ለዓመታት "ላም አለኝ በሰማይ ወተቷንም አላይ" ሆኖባት ቆይቷል።

የሌላው ዓለም ልምድ ሁለቱንም መንገድ ያሳያል። በአሜሪካ የፌዴራሉ ሕግ ጉርሻ ለሚያገኙ ሠራተኞች አሠሪው በቀጥታ የሚከፍለውን ዝቅተኛ ደመወዝ በሰዓት 2.13 ዶላር ላይ ካቆመው ከ1991 እ.ኤ.አ. ጀምሮ አልጨመረውም። ጉርሻ በደመወዝ ቦታ ሲገባ ደመወዝ ባለበት ደርቆ እንደሚቀር ከዚህ የተሻለ ማስረጃ አይገኝም። በብሪታንያ ደግሞ ከጥቅምት 1 ቀን 2024 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በሥራ ላይ የዋለ ሕግ፣ አሠሪዎች ጉርሻና የአገልግሎት ክፍያን ሳይቀንሱ ለሠራተኞቻቸው እንዲያከፋፍሉ ያስገድዳል።

የባለቤቶቹንም እሮሮ መስማት ተገቢ ነው። የቤት ኪራይ ንሯል፤ ዘይቱም ሥጋውም በየጊዜው ይጨምራል። በሐምሌ 2016 ዓ.ም. የብር የምንዛሪ ተመን በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ በኋላ ከውጭ የሚገባው መጠጥና የወጥ ቤት ዕቃ ሌላ ዋጋ ይዟል። በዚያ ላይ ጎረቤት አዲስ ቤት ሲከፈት ደንበኛው ወደዚያው ይነጉዳል። ይህ ሁሉ እውነት ነው። ነገር ግን ኪራዩን ለአከራዩ፣ ሥጋውን ለባለ ልኳንዳው በሙሉ የሚከፍል ቤት፣ ችግሩን የሚያካክሰው ከአስተናጋጇ ደመወዝ ላይ ብቻ ሲሆን ፍትሕ አይባልም። ከሁሉ በላይ የሚጎዳው ደግሞ ሕግ አክብሮ የሚሠራው ባለ ሆቴል ነው። ውል ፈርሞ፣ የጡረታ መዋጮ ከፍሎ፣ የትርፍ ሰዓት አስልቶ ይሠራል፤ ይህን ሁሉ ከማያደርግ ጎረቤቱ ጋር ግን በአንድ ዋጋ ይወዳደራል።

መፍትሔው ሩቅ አይደለም። አንደኛ፣ 10 በመቶ የአገልግሎት ክፍያ የሚጠይቁ ቤቶች ገንዘቡ ለማን እንደሚከፋፈል በግልጽ ይለጥፉ። 600 ብር የተባለ ምግብ በአገልግሎት ክፍያና በ15 በመቶ ተጨማሪ እሴት ታክስ ምክንያት ከ750 ብር ሳያንስ ሲመጣ፣ ከፋዩ የትኛው ብር ወዴት እንደሚሄድ የማወቅ መብት አለው። ሁለተኛ፣ የወጥ ቤቱን ንጽሕና የሚፈትሽ ተቆጣጣሪ እንዳለ ሁሉ የሥራ ሁኔታ ተቆጣጣሪውም ከምሽቱ 4 ሰዓት በኋላ ብቅ ይበል። የባር ሠራተኛ ችግር በቀን ብርሃን አይታይም።

ሦስተኛውና ዋነኛው የመንግሥት መሥሪያ ቤቶችን ይመለከታል። የአዳማ ሆቴሎች ትልቅ ደንበኛ የሕዝብ ገንዘብ ነው። ለስብሰባ አዳራሽ ጨረታ የሚያወጣ መሥሪያ ቤት የንግድ ፈቃድና የግብር ማስረጃ ይጠይቃል። የሠራተኞቹን የሥራ ውልና የጡረታ ምዝገባ ማስረጃ ቢጨምርበት አዲስ አዋጅ አያስፈልገውም። ስለ ሠራተኛ መብት ሥልጠና እየተሰጠ፣ በሻይ እረፍቱ ቡና የምትቀዳው ልጅ ውል የሌላት ከሆነች ሥልጠናው ለማን እንደተሰጠ አጠያያቂ ይሆናል።

በላተኛውም ድርሻ አለው። ጉርሻ መስጠታችንን አንተው፤ ደግ ልማድ ነው። ሆኖም አዲስ ቤት ለወዳጆቻችን ከማሞገሳችን በፊት "እዚህ ደመወዝ ይከፈላችኋል?" ብለን ቀስ ብለን እንጠይቅ። መልስ ለመስጠት ዙሪያዋን የምትገላምጥ አስተናጋጅ ያለችበት ቤት፣ ክትፎው ምንም ቢጣፍጥ ፈተናውን አላለፈም።